ቈጠራ ምርመራን አይተካም፤ ስለ አጋዘን አደን ኬላዎች መቅረት

የሀብቱን ልክ የማያውቅ ሰው ሀብቱን ሊጠብቅ አይችልም። ገበሬ የከብቱን፥ ነጋዴ የዕቃውን፥ መንግሥትም የደኑንና የአራዊቱን ልክ ማወቅ ግዴታው ነው። ዳሩ ግን ማወቅ ራሱ ሁለት ደረጃ አለው። አንደኛው ስንት እንደ ሆነ መቍጠር ሲሆን፥ ሁለተኛው በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ መመርመር ነው። አስተዋይ እረኛ በመሸ ጊዜ በጎቹን ወደ ጋጣ ሲያስገባ ቍጥራቸው ስለ ሞላ ብቻ አይተኛም። የምታነክሰውን፥ ማመስኳት የተወችውን፥ ጠጕሯ የቆመውን ለይቶ ያያል። ቍጥሩ ሞልቶ ሳለ በሽታ በመካከላቸው ሊገባ እንደሚችል ከአባቶቹ ተምሯልና።

ይህ እረኛ ሁሉ የሚያውቀው ነገር ዛሬ በአሜሪካ የተባበሩት መንግሥታት በብዙ ግዛቶች ዘንድ የክርክር ምክንያት ሆኗል። ነገሩም እንዲህ ነው። በዚያ አገር አጋዘን የገደለ አዳኝ ግዳዩን ወደ ተወሰነ ኬላ ወስዶ በሰው ፊት እንዲያስመዘግብ የሚያዝ ደንብ በብዙ ግዛቶች ጸንቶ ኖሯል። ካለፉት ሃያ ዓመታት ወዲህ ግን ይህ ደንብ እየተሻረ፥ አዳኙ ባለበት ሆኖ በስልክ ወይም በኢንተርኔት ለመሣሪያ እንዲናገር ተፈቅዷል። ይህ ለውጥ የመንግሥትን ወጪና የአዳኙን ድካም የሚያቀል መሆኑ አይካድም። ነገር ግን ኬላው ይሠራው ከነበረው ሥራ ምን ያህሉ ወደ መሣሪያው እንደ ተላለፈ፥ ምን ያህሉስ በመንገድ ላይ ወድቆ እንደ ቀረ መመርመር ያስፈልጋል።

ስለ ኬላው ታሪክ የዊስኮንሲን ግዛት ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በዊስኮንሲን አዳኞች የገደሉትን አጋዘን በኬላ እንዲያስመዘግቡ ግዴታ የተጣለባቸው በ1953 ዓ.ም. ነው። ኬላዎቹ የተቋቋሙት በመንግሥት ሕንጻዎች ብቻ አልነበረም፤ በቤንዚን ማደያዎች፥ በገጠር መደብሮች፥ በመጠጥ ቤቶችና የአደን ዕቃ በሚሸጥባቸው ሱቆች ጭምር ነበር። በኅዳር ወር የጠመንጃ አደን ዘጠኙ ቀን ሲጀመር አዳኞች ግዳያቸውን በመኪና ጭነው በኬላው ደጃፍ ይሰለፉ ነበር። መዝጋቢው የአጋዘኑን ጾታ፥ የተገደለበትን ስፍራና ቀን ይጽፋል። በተመረጡ ኬላዎች ደግሞ የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤት ባለሙያዎች ቆመው የእንስሳውን አፍ ከፍተው ጥርሱን እያዩ ዕድሜውን ይለያሉ፤ የቀንዱን ውፍረት ይለካሉ፤ ሲያስፈልግም ከአካሉ ለምርመራ የሚሆን ናሙና ይወስዳሉ።

በዚህ ዓይነት የሚመዘገበው የግዳይ ብዛት ቀላል አልነበረም። በ2000 ዓ.ም. ብቻ በዊስኮንሲን ከ600 ሺህ በላይ አጋዘኖች ተገድለው ተመዝግበዋል። ኬላውም ለገጠሩ ሕዝብ እንደ ገበያ ቀን ያለ ነበር። ሽማግሌው ልጁን ይዞ ይመጣል፤ ጎረቤት የጎረቤቱን ግዳይ ያያል፤ ገበሬው ስለ ተበላበት በቆሎ ለባለሙያው ይነግረዋል። ሱቁም በዚያው ሳምንት ከሚሸጠው ቡናና ቤንዚን ጥቅሙን ያገኛል።

አዲሱ ሥርዓት ከዚህ ፈጽሞ ይለያል። አዳኙ በጫካው ዳር ወይም በቤቱ ሆኖ በስልኩ የፈቃዱን ቍጥር ያስገባል፤ አጋዘኑ ወንድ ይሁን ሴት፥ ቀንዳም ይሁን ቀንድ የሌለው፥ በየትኛው አውራጃ እንደ ተገደለ ለቀረቡለት ጥያቄዎች መልስ ይሰጣል። በመጨረሻም የማረጋገጫ ቍጥር ይሰጠዋል፤ ነገሩ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ያበቃል። የሚዙሪ ግዛት ይህን መንገድ በመላ ግዛቱ በ2005 ዓ.ም. ያዘ፤ ኦሃዮ በ2011፥ ዊስኮንሲን በ2015 ተከተሉ። ሚሺጋን ደግሞ ቀድሞ ከአደን ወራት በኋላ በፖስታ በሚላክ መጠይቅ ይተማመን የነበረ ሲሆን፥ በ2022 ዓ.ም. ማንኛውም አዳኝ ግዳዩን በ72 ሰዓት ውስጥ በኢንተርኔት እንዲያስታውቅ ደነገገ። በሰሜን ምሥራቅ ያለው የሜይን ግዛት ግን ግዳዩ በአካል ወደ መዝጋቢ ጣቢያ እንዲቀርብ የሚለውን የቀድሞውን ደንብ እንደ ጠበቀ ነው።

የአዲሱን ሥርዓት ደጋፊዎች ምክንያት አሳንሶ ማየት ፍርድን ማጣመም ይሆናል። በመጀመሪያ ደረጃ አዳኙ አንድ አጋዘን ለማስመዝገብ ብዙ ኪሎ ሜትር ይነዳ ነበር። የቀስት አደን በሚደረግበት በመስከረም ሙቀት ደግሞ ሥጋው ቶሎ ተወራርዶ ካልቀዘቀዘ ስለሚበላሽ፥ በኬላ ደጃፍ መሰለፍ ለባለ ግዳዩ ኪሳራ ነው። ሁለተኛም የወረቀቱ መዝገብ ከየሱቁ ተሰብስቦ፥ በእጅ ተደምሮ ወደ ዋናው ከተማ እስኪደርስ ብዙ ጊዜ ይወስድ ነበር፤ ዛሬ ግን ድምሩ በዕለቱ ይታወቃል። ሦስተኛም ኬላ የሚሆን ሱቅ በየዓመቱ እየጠፋ፥ ባለሱቁም ለሚከፈለው ጥቂት ገንዘብ ሌሊት ድረስ መቆሙን እየጠላ ሄዷል። እነዚህ ሁሉ እውነተኛ ምክንያቶች ናቸው። ለቍጥር ብቻ ከሆነ መሣሪያው ከሰው ይልቅ ፈጣንና ርካሽ መሆኑን መመስከር ይገባል።

ዳሩ ግን ኬላው ከመቍጠር ሌላ ሁለት ሥራዎች ነበሩት። አንዱ የእንስሳውን አካል መመርመር ነው፤ ሌላው በአዳኙና በመንግሥት መካከል ምስክርና መተማመኛ መሆን ነው። መሣሪያው የተረከበው የመጀመሪያውን ሥራ ብቻ ነው። የቀሩትን ሁለቱን ማንም ሳይረከባቸው ኬላውን መዝጋት፥ ጎተራው ጠብቧል ብሎ እህሉን ሜዳ ላይ እንደ መተው ይቈጠራል።

ስለ ምርመራው በመጀመሪያ የዕድሜን ነገር እንመልከት። በ1949 ዓ.ም. ሴቨሪንግሃውስ የተባለ የኒው ዮርክ ባለሙያ የነጭ ጅራት አጋዘንን ዕድሜ ከጥርሱ አበቃቀልና አበላል ለመለየት የሚያስችል ዘዴ አሳትሞ ነበር፤ ዘዴውም እስከ ዛሬ ይሠራበታል። የአጋዘን ግልገል ከፊት መንጋጋዎቹ ሦስተኛይቱ፥ የወተት ጥርስ በሆነችበት ጊዜ፥ ሦስት ጕብታ አላት። ወደ ዓመት ተኩል ገደማ ሲደርስ ያች ጥርስ ወድቃ ሁለት ጕብታ ያላት ቋሚ ጥርስ ትተካለች። ከዚያ በኋላ ጥርሶቹ በየዓመቱ እየተበሉ ስለሚሄዱ፥ የለመደ ዐይን በእጅ ባትሪ ብርሃን አፉን አይቶ በጥቂት ቅጽበት ውስጥ ዕድሜውን ይገምታል። አብዛኛው አዳኝ ግን ይህን አያውቅም፤ ቢያውቅም መሣሪያው ስለ ጥርስ ምስክር ሊሆን አይችልም። የገዳዩን ቃል እንጂ የእንስሳውን አፍ አያይምና።

ዕድሜን ማወቅ ለምን ይጠቅማል የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። መልሱ በአንድ ቀላል ስሌት ይታያል። ለምሳሌ ያህል በአንድ አውራጃ 300 አዋቂ ወንድ አጋዘኖች ተገደሉ እንበል። ከእነዚህ ውስጥ ከመቶ 60ው የዓመት ተኩል ልጆች ሆነው ቢገኙ፥ የመንጋውም ቍጥር ከዓመት ወደ ዓመት የጸና ከሆነ፥ በየዓመቱ ከአዋቂዎቹ ወንዶች ከመቶ 60 ያህሉ እያለቁ በአዳዲሶች እንደሚተኩ ያመለክታል። ሞቱ ሁሉ ከአደን የመጣ ነው ብንል፥ ከአደኑ በፊት የነበሩት ወንዶች 500 ያህል ነበሩ ማለት ነው። የዓመት ተኩል ልጆቹ ከመቶ 30 ብቻ ሆነው ቢገኙ ግን፥ እነዚያው 300 ግዳዮች የሚያሳዩት ወደ 1,000 የሚጠጋ ወንድ መኖሩን ነው። ቍጥሩ አንድ ነው፤ ትርጕሙ ግን እጥፍ ይለያያል። የዊስኮንሲን ባለሙያዎች መንጋቸውን ለብዙ ዓመታት ሲገምቱ የኖሩት በዚህ ዓይነት ጾታን፥ ዕድሜንና የግዳይን ቍጥር አጣምሮ በሚያሰላ ዘዴ ነው። ከሦስቱ አንዱ ሲጎድል ስሌቱ እንደ ጐደለ ጕልቻ ይሆናል፤ ድስት አይሸከምም።

የቀንዱም ውፍረት የሚናገረው አለ። የዓመት ተኩል ወንድ ቀንዱ ቀጭን የሆነበት አገር ምግቡ ያነሰበት ወይም መንጋው ከግጦሹ በላይ የበዛበት ነው። ይህን ምልክት በጊዜው ያየ ባለሙያ ረኀብና ክረምት መንጋውን ከመፍጀቱ በፊት የአደኑን ልክ እንዲጨመር ሊመክር ይችላል።

ይህ ጕዳይ የአዳኞች ብቻ አይደለም፤ ገበሬውንም በቀጥታ ይነካዋል። አጋዘን የበቆሎና የአኩሪ አተር ቡቃያ፥ የአልፋልፋ መስክና የፍራፍሬ ዛፍ ይበላል፤ በቍጥር ሲበዛም የዓመት ድካም በሌሊት ያልቃል። በዊስኮንሲን ለሰብሉ ጥፋት ካሳ የሚከፈልበት ሥርዓት አለ፤ ገንዘቡም የሚገኘው ከአደን ፈቃድ ነው። ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በየአውራጃው የአጋዘን አማካሪ ጉባኤዎች ተቋቁመዋል። በእነዚህም ጉባኤዎች የእርሻ፥ የደን፥ የቱሪዝምና የትራንስፖርት ጥቅም የሚወክሉ ሰዎች ተቀምጠው፥ በሚመጣው ዓመት ስንት ቀንድ የሌላቸው አጋዘኖች ይገደሉ ብለው ይመክራሉ። እንግዲህ የጉባኤው አባል የሆነ ገበሬ የሚፈርደው በፊቱ በቀረበለት ቍጥር ነው። ቍጥሩ ጐዶሎ ወይም ትርጕም የሌለው ከሆነ፥ መንጋው በዝቶ ሳለ አንሷል ተብሎ እርሻው ሊጠፋበት ይችላል፤ አለዚያም አንሶ ሳለ በዝቷል ተብሎ የልጆቹ አደን ይመናመናል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የበሽታው ነገር ነው። አጋዘንን እያከሳ የሚገድል፥ ሥር የሰደደ አመንማኝ በሽታ የተባለ ደዌ በ1967 ዓ.ም. በኮሎራዶ ግዛት በምርምር ጣቢያ ውስጥ በተያዙ አጋዘኖች ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ታየ። የበሽታው ምክንያት ባክቴሪያም ቫይረስም አይደለም፤ ፕሪዮን የሚባል ቅርጹ የተበላሸ ፕሮቲን ነው። ፕሪዮን በተለመደው የምግብ ማብሰያ እሳት አይጠፋም፤ በአፈር ውስጥም ለዓመታት ሊቈይ ይችላል። እስከ ዛሬ ድረስ ይህ በሽታ ወደ ሰው ለመተላለፉ የተረጋገጠ ማስረጃ የለም። ሆኖም የጤና ባለሥልጣኖች በሽታው የተገኘበትን እንስሳ ሥጋ ማንም እንዳይበላ ይመክራሉ። ዛሬ በሽታው ከ30 በሚበልጡ የአሜሪካ ግዛቶች ተገኝቷል፤ መድኃኒትም ክትባትም አልተገኘለትም።

የዚህ በሽታ ክፉነት ደግሞ ለረጅም ጊዜ ተሰውሮ መኖሩ ነው። የተያዘው አጋዘን ከዓመት በላይ ጤነኛ መስሎ ይመላለሳል፤ ይበላል፤ ይሮጣል፤ ሌሎቹንም ይበክላል። መክሳቱ፥ መንገዳገዱና ምራቁን ማዝረብረቡ የሚመጡት በመጨረሻ ነው። ስለዚህ አዳኙ ቅን ቢሆንና የታመመ አላየሁም ብሎ በእውነት ቢናገር እንኳ ቃሉ ለበሽታው ማስረጃ አይሆንም። እውነቱ የሚታወቀው ከእንስሳው ጕሮሮ አጠገብ ያሉት የሊምፍ ዕጢዎች ተቈርጠው በላቦራቶሪ ሲመረመሩ ነው። ይህም ቢላዋ የሚይዝ እጅ ይፈልጋል እንጂ በስልክ የሚፈጸም አይደለም።

ለዚህ አስረጂው ከዊስኮንሲን ራሱ ይገኛል። በ2001 ዓ.ም. መኸር በዴን አውራጃ በማውንት ሆረብ አካባቢ አዳኞች አምጥተው ካስመዘገቧቸው አጋዘኖች ናሙና ተወስዶ ነበር። በ2002 ዓ.ም. የካቲት ወር ውጤቱ ሲታወቅ ከእነርሱ ሦስቱ የበሽታው ተሸካሚዎች ሆነው ተገኙ። ከሚሲሲፒ ወንዝ በስተምሥራቅ በሽታው መኖሩ የታወቀው በዚህ ጊዜ ነበር። እነዚያ ሦስት አጋዘኖች በአዳኞቹ ዐይን እንደ ሌሎቹ ግዳዮች ነበሩ። ባለቤቶቻቸው በስልክ አሳውቀው ወደ ቤታቸው ቢመለሱ ኖሮ፥ መሣሪያው ሦስት ወንድ አጋዘኖች ብሎ ብቻ ይመዘግባቸው ነበር። መዝገቡ ትክክል ይሆናል፤ ቍጥሩም አይጐድልም፤ በሽታው ግን በዝምታ ይስፋፋ ነበር።

ሌላው አስተማሪ ታሪክ የሚዙሪ ነው። ከላይ እንደ ተገለጸው ሚዙሪ ቈጠራውን ለመሣሪያ አስረክቦ ነበር። ዳሩ ግን በ2012 ዓ.ም. በሽታው በዱር አጋዘኖቹ መካከል ተገኘ። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮም ግዛቱ፥ በሽታው ባሠጋባቸው አውራጃዎች በጠመንጃ አደን መክፈቻ ቅዳሜና እሑድ አጋዘን የገደለ ሁሉ ግዳዩን ወይም ራሱን ወደ ናሙና መውሰጃ ጣቢያ እንዲያመጣ እስከ ማዘዝ ደረሰ። አዳኙ ግዳዩን በስልክ ካስመዘገበ በኋላ እንደ ገና በመኪና ጭኖ ወደ ጣቢያ ሄደ ማለት ነው። በሩ ተዘግቶ የወጣው ኬላ በችግር ጊዜ በመስኮት ተጠርቶ ገባ። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለው የአባቶች ምክር የተነገረው ለእንዲህ ያለው ነገር ነው። የናሙና ጣቢያ በሽታው ከተገኘ በኋላ ብቻ የሚከፈት ከሆነ፥ ሥራው መከላከል መሆኑ ቀርቶ የደረሰውን ጥፋት መለካት ይሆናል።

ሦስተኛው የኬላው ሥራ ምስክርነት ነው። የስልኩ ሥርዓት የሚቆመው በአዳኙ ቃል ላይ ነው። አብዛኛው አዳኝ ሕግ አክባሪ መሆኑ አያጠራጥርም። ነገር ግን ሰው ይረሳል፤ ይሰንፋል፤ ጥቂቱም ሆን ብሎ ይደብቃል። የኒው ዮርክ ግዛት ታሪክ ይህን በግልጽ ያሳያል። በዚያ ግዛት አጋዘን የገደለ አዳኝ ሁሉ እንዲያስታውቅ ሕግ ያስገድደዋል፤ በስልክም ሆነ በኢንተርኔት ማስታወቅ ቀላል ነው። ይሁን እንጂ የግዛቱ ባለሙያዎች እንዳረጋገጡት፥ ግዳያቸውን በእውነት የሚያስታውቁት በግምት ግማሽ ያህሉ ብቻ ናቸው። ሕግ አለ፤ መሣሪያ አለ፤ ግማሹ ቍጥር ግን የለም።

ታዲያ የኒው ዮርክ ባለሙያዎች የጐደለውን በምን አወቁ? ወደ ሥጋ ቤቶች በመሄድ ነው። በአደን ወራት የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኞች የአዳኞችን ሥጋ እያወራረዱ ወደሚያዘጋጁ ቤቶችና ወደ ጥቂት ኬላዎች ሄደው በብዙ ሺህ የሚቈጠሩ አጋዘኖችን በዐይናቸው ያያሉ፤ ዕድሜያቸውንም ይለያሉ። ከዚያም ካዩዋቸው አጋዘኖች ስንቱ በመዝገቡ እንደ ተነገሩ ያመሳክራሉ። ካዩት ሁለት ሺህ የተነገረው አንድ ሺህ ቢሆን፥ መዝገቡ በግማሽ እንደ ጐደለ ታውቆ ድምሩ በዚያው ልክ ይታረማል። የጐረቤቱ የፔንሲልቬንያ ግዛትም ተመሳሳይ መንገድ ይከተላል። ከዚህ የምንማረው ትልቅ ቁም ነገር አለ። መሣሪያው የሰበሰበው ቃል እውቀት የሚሆነው በሰው ዐይን ከታየ ነገር ጋር ሲመሳከር ነው። ዐይን አይቶ ልብ ይፈርዳል የሚባለው በከንቱ አይደለም። ያለ ማመሳከሪያ የቀረ ቍጥር ግን፥ ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ እንደ ተባለው ዓይነት ሀብት ይሆናል።

የምስክርነቱ ጥቅም ለመንግሥት ብቻም አይደለም። አዳኙ በኬላው ባለሙያውን ፊት ለፊት ሲያገኝ፥ የሚታተመው ቍጥር ከየት እንደ መጣ በገዛ ዐይኑ ያያል። እርሱ ያመጣው አጋዘን ጥርሱ ሲታይ፥ በወረቀት ሲጻፍ ያያል። ዛሬ ግን ቍጥሩ ከማይታይ ስፍራ ይወጣል። አደኑ ሲቀነስ አዳኙ ሊቃውንቱ ተሳስተዋል ይላል፤ አደኑ ሲጨመር ገበሬው ዘግይተዋል ይላል፤ ማንም ማንን በስም አያውቅም። አልዶ ሊዮፖልድ የተባለው ስመ ጥር የዱር ሀብት መምህር በ1940ዎቹ ዓመታት በዊስኮንሲን የጥበቃ ኮሚሽን አባል ሆኖ መንጋው ስለ በዛ ሴት አጋዘኖችም ይታደኑ ባለ ጊዜ፥ ከሕዝቡ ብርቱ ተቃውሞ ደርሶበታል። ሊቅነቱ ብቻውን ሕዝቡን ሊያሳምን አልቻለም። ሕዝብ የሚያምነው ሥራው ሲሠራ ያየውን ነው።

ተቃዋሚዎች በዚህ ላይ የሚሰጡት መልስ አላቸው። ዛሬ ናሙናው የሚገኘው በሌላ መንገድ ነው ይላሉ። በእርግጥም በዊስኮንሲን አዳኙ የአጋዘኑን ራስ ሌሊትም ሆነ ቀን የሚያስቀምጥባቸው ሣጥን ያላቸው ስፍራዎች ተዘጋጅተዋል። ሥጋ ቤቶችና የአራዊት ራስ ለጌጥ የሚያደርቁ ባለሙያዎችም በብዙ ግዛቶች ናሙና በመውሰድ ይረዳሉ። ይህ መልካም ሥራ ነው፤ ሊስፋፋም ይገባዋል። ሆኖም ራስ ወደ ሣጥኑ የሚያመጣው በሽታውን የፈራና ጊዜ ያለው ሰው ነው። ወደ ሥጋ ቤት የሚሄደውም ገንዘብ የሚከፍለው ነው፤ ግዳዩን በቤቱ የሚያወራርደው ብዙው የገጠር ሰው በዚህ መንገድ አይታይም። ለጌጥ የሚቀርበውም ቀንዱ ያማረ ሽማግሌ ወንድ ብቻ ነው። ኬላው ግን ባለጸጋውንና ድኻውን፥ ትልቁን ወንድና ትንሿን ሴት፥ ቸልተኛውንና ጥንቁቁን በአንድ ሰልፍ ያቆም ነበር። ትክክለኛ ናሙና ማለትም ይህ ነው።

እንግዲህ የዚህ ሁሉ መደምደሚያ ወደ ኋላ እንመለስ፥ ስልኩን እንጣለው የሚል አይደለም። መሣሪያው ቍጥሩን ይያዝ፤ በዚህ ከሰው ይበልጣልና። ነገር ግን ኬላን የሚያስቀር ግዛት ሁሉ፥ በዚያው በሚያስቀርበት ሕግ ውስጥ፥ የቀሩትን ሁለት ሥራዎች ማን እንደሚሠራቸው ለይቶ ሊጽፍ ይገባል። ይኸውም አንደኛ፥ በየአካባቢው ጥቂት የተመረጡ ኬላዎች በአደን መክፈቻ ቀኖች ባለሙያ ቆሞባቸው እንዲከፈቱ፥ ግዳይም በተወሰኑ ቀኖች ወደዚያ መምጣቱ ግዴታ እንዲሆን ነው። ሁለተኛ፥ ኬላዎቹ የሚከፈቱባቸው አውራጃዎች በየዓመቱ በተራ እንዲለዋወጡና ሸክሙ በአንድ ሕዝብ ላይ ብቻ እንዳይወድቅ ነው። ሦስተኛ፥ የናሙናው ምርመራ በሽታው ገና ባልታየባቸው አውራጃዎች እንዲቀድም ነው። አራተኛም፥ በስልክ የተነገረው ቍጥር በዐይን ከታየው ጋር በየዓመቱ ተመሳክሮ፥ የመጣው ጕድለት ሳይደበቅ ለሕዝብ እንዲታተም ነው።

ለዚህ የሚሆን ገንዘብ የለም የሚለው ምክንያት ሙሉ በሙሉ አያሳምንም። ከ1937 ዓ.ም. ጀምሮ በጠመንጃና በጥይት ላይ የሚከፈለው የፌዴራል ቀረጥ፥ ፒትማን ሮበርትሰን በተባለው ሕግ መሠረት ለዱር አራዊት ጥበቃ ሥራ ለግዛቶች ይከፋፈላል። አዳኙ ጥይቱን ሲገዛ ስለ አጋዘኑ ጥናት አስቀድሞ ከፍሏል ማለት ነው። ደግሞም ኬላ በመዘጋቱ የተረፈው ገንዘብ ከፊሉ ለምርመራው ሊውል ይችላል። ገንዘቡ ተረፈ የሚባለው ሥራው በሌላ መንገድ ሲሠራ ነው፤ ሥራው ቀርቶ ገንዘብ ተረፈ ቢባል ግን ዕዳውን ለልጆች ማስተላለፍ እንጂ ቍጠባ አይባልም።

በዘመናችን ብዙ ሥራ ከሰው እጅ ወደ መሣሪያ እየተላለፈ ነው፤ ይህም በአጋዘን አደን ብቻ የሚቆም አይደለም። የከብት ክትባት መዝገብ፥ የእህል ግብር፥ የደን ቈጠራ ሁሉ በዚሁ ጐዳና እየሄዱ ናቸው። ስለዚህ ከዊስኮንሲንና ከሚዙሪ የተገኘው ትምህርት ለአርሶ አደሩም፥ ለከብት አርቢውም፥ ለባለሥልጣኑም ይጠቅማል። አንድን አሮጌ ሥርዓት ከማፍረስ በፊት የሚታወቅበትን ሥራ ብቻ ሳይሆን ሳይነገርለት ይሠራው የነበረውን ሥራ መጠየቅ ያስፈልጋል። በኬላው ደጃፍ ቆሞ በብርድ ጣቱ እየደነዘዘ የአጋዘን አፍ ይከፍት የነበረው ሰው በመዝገብ ላይ የጻፈው አንድ ቍጥር ብቻ ነበር፤ ያየው ግን ከቍጥሩ ይበልጥ ነበር። እረኛው ማታ በጋጣው በር ላይ መቆሙን ቢተው፥ በጎቹ አንድም ሳይጐድሉ ሊታመሙ ይችላሉ።